የጋሽ አንጁሎ ድር

በሾፌርነት ዘመኔ መላ ያጣሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። የሴቻው መሥሪያ ቤታችን ግቢ ከሦስት መኪና በላይ አይዝም፤ አራተኛዋ የእኔ ናት። እኔም ከአጥሩ ውጭ፣ ጎረቤታችን ሸማኔው ጋሽ አንጁሎ በችካሎች መካከል ድር የሚዘረጉበትን ጥላ ያዝኩ። «ልጄ፣ ሥራዬን ዘጋህብኝ» ሲሉኝ፣ «የመንግሥት መኪና እኮ ናት!» ብዬ ደረቴን ነፍቼ አልፋለሁ።

አንድ ጠዋት አለቃዬን ለስብሰባ ወደ ታችኛው ከተማ፣ ወደ ሲቀላ ላወርዳቸው ብወጣ፣ ነጭ ክር ከላንድክሩዘሯ ስፖኪዮ ተነሥቶ እስከ ማዶው ችካል ተዘርግቷል።

«ጋሽ አንጁሎ! ምንድን ነው ይሄ?»

«የችካሌ ቦታ ላይ ቆመች፤ ችካል አደረግኳት» አሉኝ፣ እጃቸው ከክሩ ሳይነሣ።

«እበጥሰዋለሁ!»

«በጥሰው። የአለቃህ ጋቢ ነው፤ እሳቸው ናቸው ያዘዙኝ።»

ዞር ስል አለቃዬ ከኋላዬ ቆመዋል። ክሩን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ከዚያ ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው የሲቀላን ቁልቁለት በእግራቸው ተያያዙት።

«አንተም ዝም ብለህ አትገተር፤ ያዝ» አሉኝ ጋሽ አንጁሎ፣ የክሩን ጫፍ እየሰጡኝ። እስከ ምሳ ሰዓት መኪናዋም እኔም ችካል ሆነን ቆምን።