ጸጥ ያለ አየር የሚወድ ሰው

ሸፊቃዬ፣ እንዴት ዋልሽ? ኧረ ወንበር አታምጪ፣ ደጃፍሽ ላይ ይበቃኛል። አቦ ይሄ ሙቀት! ጠዋት ቀፊራ ገበያ ደርሼ ስመለስ ቲማቲሙ ባጃጅ ውስጥ ሊበስል ምንም አልቀረው። ልጆቹስ ደህና ናቸው?... መስኮቱን ተይው፣ ክፍት ይሁን። ያ ማዶ ያለው መስኮትም ክፍት ነው። አየር ለማን ይከለከላል?

አየር ስል ትዝ አለኝ... አንድ የማውቀው ሰው አለ። ስም አልጠራም፣ ደግ አይደለም። ግን እንዲህ ያለ አሳቢ ሰው በድሬ ታይቷል? አይጠጣም፣ አይቅምም፣ አይዞርም። ከሥራ ሲመለስ ቁጭ ብሎ ትንሽዬ ባቡር ይሠራል። አባቱ ይነዱት የነበረውን የጅቡቲውን ባቡር፣ ክንድ አሳክሎ! እንዲህ ያለ ባል ያላት ሴት ምን ጎደለኝ ትላለች?

ጭንቁ ቀለሙ ላይ ነው። በብሩሽ ከተቀባ መስመር ይተዋላ! እስክሪብቶ የምታህል ቀለም መርጫ ገዛ። እሷ ደግሞ የታመቀ አየር ካልሰጧት አትሠራም። የድሬ ነፋስ ለእኛ ለተራዎቹ ነው...

መጀመሪያ በጣሳ የሚሸጥ አየር ከአዲስ አበባ አስመጣ። ጥቂት እንደረጨ ጣሳው በረዶ ሆኖ ቀጥ አለ። በዚህ ሙቀት፣ በረዶ! አዋቂ አይደለም ትያለሽ?

ቀጥሎ የሚስቱን ወንድም የባጃጅ ስኮርታ ጎማ ተዋሰ። ቱቦ ሰክቶ አየሩን ለባቡሩ ጨረሰና ባዶውን በክብር መለሰ። ወንድምየው ሁርሶ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ስኮርታውን ሲያወጣ... ተሳፋሪዎቹ በእግር ገቡ። ለጤና ጥሩ ነው፣ አይደል?

ከዚያ ጎሚስታው ሙመድ ዘንድ ሄደ። የከባድ መኪና ጎማ በሚነፋው ማሽን መርጫዋን ሲሞክር የባቡሩ መብራት ተነቅላ ሙመድ ሻይ ውስጥ ገባች። ሙመድ ስኳር መስሎት አማሰላት። ሰውየው ቅር አለው፤ ስለ ሙመድ እንዳይመስልሽ። «ጩኸት እጄን ያንቀጠቅጠዋል፤ እኔ የምፈልገው ጸጥ ያለ አየር ነው» አለ።

ጸጥ ያለ አየር ከየት ይገኛል?... ከፍሪጅ! አዎ፣ ሚስቱ ቀዝቃዛ ጁስ እየሸጠች ቤቱን ከምትደጉምበት ፍሪጅ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሞተሩ ተነቅሎ ጠረጴዛ ላይ ለመርጫዋ አየር እያመቀ ያንጎራጉራል፣ የማንጎው ጁስ ባልዲ ውስጥ አረፋ ይደፍቃል። «ምን አደረግክ?» ስለው... ስትለው ማለቴ ነው፣ ሙቀቱ ምላሴን አሳተው... «ዝም በይና ስሚው፣ ድምፅ የለውም እኮ!» አላት። ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል። ፍሪጁም አልተጣለም፣ ቀለም ማድረቂያ ሆኗል። ፉርጎዎቹ እንቁላል መደርደሪያው ላይ ተሰልፈዋል። «በሩን ስትከፍቺ ቀስ በይ፣ አቧራ እንዳይገባ» ብሎ አደራ አላት። አደራ የሚል ባል ማን አላት?

የአየሩን ግፊትማ ጠዋት ማታ ይለካል። የሚስቱን ግፊት የለካላት ጤና ጣቢያ ነው። ከፍ ብሏል አሏት። ነገረችው። «ስንት ላይ ነው?» ብሎ ዞረ... የመርጫዋን መስሎት ነበር።

በመጨረሻ ሴትዮዋ «ሞተሩን ካልመለስክ እህቴ ጋ እሄዳለሁ» አለችው። ሳትቆጣ፣ እንዲህ እንደኔ ረጋ ብላ። ቀና ሳይል «ቆይ፣ ሁለተኛው ቀለም ይድረቅና እናወራለን» አላት። ቆየች። ደረቀ። ሦስተኛውን መቀባት ጀመረ...

ይሄ ሻንጣ? ኧረ ምንም አይደለም ሸፊቃዬ፣ ልብስ ነው። አንቺን ምን ያስለቅስሻል? እኔ መች አለቀስኩ? ላብ ነው። ባጃጁም መጥቷል፣ ልሂድ።

ለዚያ ሰው ግን እግዜር ይስጠው። ዕድሜውን ያርዝምለት፣ እጁን ይባርክለት። ባቡሩ እንዳሰበው ያማረ ይሁንለት። «ራት ቀረበ» እያለች የምታቋርጠው፣ «አመመህ እንዴ?» እያለች የምትነዘንዘው አንዲት ሴት እንኳ በደጁ አትለፍ። እስከ ዕለተ ሞቱ ማንም አይረብሸው።

አሜን በይ እንጂ ሸፊቃ... ጮክ ብለሽ፣ የማዶው መስኮት ክፍት ነው።