በልጅ ልጄ እንጥል ላይ የተደረገ ክርክር

ልጄ ፍሬሰንበት ከሜጢ ከተማ ወዲያ፣ በተራሮች መካከል ባለች ትንሽ መንደር መምህርት ናት። በክረምቱ መውጫ ወንድ ልጅ ወለደችና አራስ ልጠይቅ ብዬ ከጋምቤላ ተነሣሁ።

መኪና የሚያደርሰው እስከ ወንዙ ብቻ ነው። ድንጋዩ ያንሸራትተኝ ይሆን፣ እባብ ይኖር ይሆን እያልኩ ቆሜ ሳመነታ አንዲት ወጣት ደረሰች። አኬሎ ትባላለች፤ የአቦቦ ወረዳ ልጅ፣ የመንደሪቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። የፍሬሰንበት እናት መሆኔን ስነግራት የያዝኩትን ቅቤ ተቀብላ፣ እጄን ይዛ አሻገረችኝ።

ዳገቱን ወጥተን ሸለቆውን ሳየው ፍርሃቴን ለጊዜው ረሳሁት። ጉሙ ከዛፎቹ ላይ ቀስ እያለ ይነሣል፤ በየዛፉ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል፤ ከታች አሥር የማይሞሉ ቤቶች።

«አገሩስ ያምራል» አልኳት። «ሰው ቢታመም ግን ምን ሊሆን ነው?»

«እኔ አለሁ አይደል፣ እማማ? ለሥልጠና ሄጄ መመለሴ ነው፤ ልጁስ እንዴት ነው?»

«ጡት መያዝ አቅቶት እንደሚያለቅስ ልጄ በስልክ ነግራኛለች። እንጥሉ ወርዶ ነው። ከወንዙ ማዶ እንየው የሚባል ቆራጭ አለ፤ ነገ ጠዋት ይመጣል።»

አኬሎ ቆመች። «ፍሬሰንበት ተስማማች?»

«እማዬ ያለችው ይሁን ብላለች።»

«እንግዲያው የምለምነው እርስዎን ነው። አያስቆርጡት።»

ትንሽ ተቆጣሁ። «በዚህ ዕድሜሽ እኔን ልታስተምሪ ነው? እኔም ተቆርጫለሁ። ይኸው ስድሳ ሊሞላኝ ነው፣ ዳገት እወጣለሁ።»

«ዳገቱን እንኳ ጎትቼ ነው ያወጣሁዎት።»

አሳቀችኝ፤ ግን አልለቀቅኋትም። «እንጥል ካልተቆረጠ አብጦ ጉሮሮ ይዘጋል። አባቶቻችን ያለ ነገር አላደረጉትም።»

«ለልጅ አስበው ነው ያደረጉት፤ አልክድም። እንጥል ግን መንጠልጠሉ ተፈጥሮው ነው። የእኔ አልተቆረጠም፤ ይዩት።» መንገድ ላይ አፏን ከፈተችልኝ።

«አንቺማ ትልቅ ሰው ነሽ።»

«ሕፃን ነበርኩ እኮ፣ እማማ።»

እሷም ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ከወንድም ከእህትዎ ተቆርጦ የሞተ የለም?»

«አንድ ወንድሜ በሕፃንነቱ ሞቷል። እሱ ግን በወባ ነው፤ ከወሎ በሰፈራ በመጣን በዓመቱ።»

«ከተቆረጠ በስንተኛው ቀን ታመመ?»

«በሳምንቱ።»

«ምን አደረገው?»

«አፉ አልከፈት አለ። ጡት ሲሰጡት መንጋጋው ግጥም። ሲነኩት እንደ እንጨት ይገተራል።»

ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ሰማሁት። አኬሎ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ወባ እንዲህ አያደርግም፣ እማማ» አለችኝ። «ይህ መንጋጋ ቆልፍ ነው። ንጹሕ ባልሆነ ስለት፣ በቁስሉ በኩል ይገባል።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ እስክትሞት የጋምቤላን ሙቀትና ትንኝ ስትረግም ኖረች፤ «ይህ አገር ልጄን በላው» ትል ነበር። እኔም ያንኑ ስል አርባ ዓመት ኖርኩ።

«ታዲያ ይኼኛው ለምን አይጠባም?» አልኳት።

«ልየውና ልንገርዎት።»

ቤት ስንደርስ እጇን በሳሙና ታጥባ ሕፃኑን አየችው። አፍንጫው ታፍኗል፤ እናቱም አንገቱን አጣማ ነበር የምታጠባው። አኬሎ አፍንጫውን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠረገችለት፤ ሆዱን ወደ እናቱ አዙራ፣ አፉን በሰፊው ሲከፍት ጡቱን አስያዘችው። ጥቂት ታግሎ ያዘ። ሲውጥ ድምፁ ይሰማል። ፍሬሰንበት ቀና ብላ አየችኝ፤ ቃሌን እየጠበቀች ነበር።

«አይቆረጥም» አልኩ።

«ቢያተኩሰው፣ ትንፋሹ ቢፈጥን ወይም ጡት እምቢ ቢል ወዲያው ጥሩኝ» አለች አኬሎ። «ጤና ጣቢያ እንወስደዋለን።»

በማግሥቱ እንየው ሲመጣ ደጃፍ ላይ ተቀበልኩት። «ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ፤ ይግቡና ገንፎ ይቅመሱ። ምላጩ ግን ከኪስዎ አይውጣ።»

«ምነው? አዲስ ምላጭ እኮ ነው የገዛሁት።»

«ምላጩ አዲስ ቢሆን ደሙን ማን ያቆመዋል? ቁስሉንስ? ልጁ ጠብቶ ተኝቷል።» ገብቶ ገንፎው ሲቀርብለት ስለ ወንድሜና አኬሎ ስላለችኝ ነገርኩትና ጠየቅኩት፦ «እርስዎ ከቆረጧቸው መንጋጋው የገጠመ ኖሮ ያውቃል?»

ማንኪያው እጁ ላይ ቀረ። «ሁለት» አለ። ገንፎውን ሳይጨርስ፣ ነገሩን ከራሷ ሊሰማ የአኬሎን ቤት ጠየቀኝ።

ያልተቆረጠ ልጅ ደም አይፈሰውም፤ ጉሮሮው ሳይቆስል ጡቱን ይጠባል፤ ሳል ሲይዘው ወደ ጤና ሠራተኛ ስለሚሄድ እውነተኛ ሕመሙ ይታወቃል። የኔ የልጅ ልጅ ይኸው ሁለት ጥርስ አብቅሏል። እኛ አያቶች «ይሁን» ስንል ልጆቻችን እሺ ይላሉ፤ ስለዚህ ይሁን ከማለታችን በፊት እንጠይቅ።