ከሊል ተነስቷል ብዬ በየቡ ሜዳ ስለተናገርኩት

የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ዙቤይዳ አባመጫ ረሺድ
ዕድሜ፦ 48
አድራሻ፦ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ
ሥራ፦ በወጣቶች ማዕከል የዕቃ ክፍል ሠራተኛ፤ በውድድር ቀን በድምፅ ማጉያ አስተዋዋቂ
የትምህርት ደረጃ፦ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ማንበብና መጻፍ ይችላሉ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ቦታ፦ እሑድ ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የቡ
ቃሉን የጻፈችው፦ ሳጅን ጊፍቲ ገመቹ

ቅዳሜ ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. በየቡ ከተማ ሜዳ የትግል ውድድር ነበር። ሌሊቱን ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ያደረ ሲሆን ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ከምሳ በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ካፊያ ጀመረ። በቦታው ዳኛው አቶ ለይኩን፣ አስተባባሪው አቶ ሀቢቡላህ፣ አንዲት የጤና ባለሙያ፣ ተጋጣሚዎቹ የየቡው ከሊል አባቦራና የጅማው ገላና፣ እንዲሁም ሜዳውን የሞላ ሕዝብ ነበሩ። የከሊል አባት አቶ አባቦራ በመግቢያው በኩል ከሕዝቡ መሃል ቆመው ነበር። እኔ የነበርኩት ከሜዳው ዳር በቆመ አይሱዙ ላይ ነው። የድምፅ ማጉያውም እዚያው ነበር።

ወደ ፖሊስ የመጣሁት ሳልጠራ ነው። የመጣሁበትም ምክንያት አቶ ሀቢቡላህ «ሐሰት እንድትናገር አዟታል» ተብሎ ዛሬ ጠዋት በፖሊስ ስለተወሰደ ነው። አቶ ሀቢቡላህ አላዘዘኝም። ቃሌ በአማርኛ እንዲጻፍልኝ የጠየቅሁት፣ ማንበብ የተማርኩት መርካቶ ስኳርና ጨው ከሚጠቀለልበት የጋዜጣ ቁራጭ ስለሆነና የምፈርምበትን ራሴ ማንበብ ስለምፈልግ ነው።

ሥራዬ ምን እንደሆነ ተጠይቄ፦ የተጋጣሚዎችን ስም፣ የመጡበትን ቦታና ዳኛው የወሰነውን በማይክ እናገራለሁ። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ እናገራለሁ። ከኋላ ያለው ሰው ትግሉን አያይም፤ የሚያየው በእኔ አፍ ነው። በእኔ ማይክ አንድ ልማድ አለ። አንዱ ሲወድቅ የአሸናፊውን ስም አልጠራም። አስቀድሜ የወደቀውን ስም እጠራለሁ፤ እሱ ተነስቶ እስኪቆም ሕዝቡ ለአሸናፊው አይጮህም። ይህን የጀመርኩት በአንድ ውድድር አንድ ልጅ ገና መሬት ላይ ሳለ ስለሳቁበት፣ ተነስቶ ተመልካች መሃል ገብቶ ሲስቅ የነበረውን ሰው ስለጣለው ነው። ከዚያ ወዲህ የጅማም የየቡም ሰው ልማዱን ለምዶታል። እኔ ስሙን ስጠራ ሕዝቡ «ካኢ! ካኢ!» ይላል፤ ተነስ ማለቱ ነው።

ከሊልና ገላና የገጠሙት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ከሦስት ዙር ሁለቱን የጣለ ያልፋል ተብሎ ነበር። ከመጀመራቸው በፊት በሁለቱም ወገን ስድብ ነበር። የየቡ ልጆች «ገላና፣ ባጃጅ መስሎሃል እንዴ፣ እያቀፍክ የምትገፋው!» ይሉ ነበር። የጅማዎቹ ደግሞ «ከሊልን መልሱት፣ ቡናው ሳይለቀም ሊረግፍ ነው!» ይሉ ነበር። እኔ ስድብ ላይ አልጨምርም። «ቡናውም ይለቀማል፣ ትግሉም ይታያል» ብዬ አሳቅኋቸው፤ ነገሩ ረገበ።

በመጀመሪያው ዙር ከሊል ገላናን ጠልፎ ጣለው። የገላናን ስም ጠራሁ፤ እየሳቀ ተነሳ። ከየቡ ወገን አንድ ሰው «ዛሬ ለአባቦራ የቤቱ በር አይበቃውም!» ሲል ሰማሁ። አቶ አባቦራ ጃንጥላቸውን ከፍ አድርገው ሲያወዛውዙ ከላይ አየኋቸው።

በሁለተኛው ዙር ገላና ከሊልን ወገቡን ይዞ አነሳው። ያነሳው የማቆሚያው ፊሽካ ሳይነፋ ነው፤ አያያዙም በደንቡ የተፈቀደ ነው። ከሊል የወደቀው በምንጣፉ ጥግ በኩል ነው፤ ያረፈውም በአንገቱና በትከሻው ላይ ነው። ምንጣፉ በቡና ገለባ ላይ የተወጠረ ሸራ ሲሆን ገለባው ርሶ ወደ መሃል ስለሄደ ጥጉ ባዶ ነበር። ጥጉ ባዶ መሆኑን ያየሁት ከወደቀ በኋላ ነው። ከሊል ከወደቀ በኋላ ገላና እንዳልመታው፣ እንዳልረገጠው አይቻለሁ።

እንደ ልማዴ «ከሊል አባቦራ» ብዬ ጠራሁ። ሕዝቡ «ካኢ!» አለ። አልተነሳም። ደግሜ ጠራሁ። ሕዝቡ ደግሞ «ካኢ!» አለ፤ በዚህ ጊዜ ድምፁ ቀንሶ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ስጠራ የመለሰልኝ ሰው የለም። የድምፅ ማጉያው ጄኔሬተር ብቻ ይሰማ ነበር።

መኪናው ለምንጣፉ ቅርብ ስለነበር ከላይ ሆኜ ሁሉንም አይ ነበር። የከሊል ዓይን ተገልጧል፤ ይተነፍሳል። የጤና ባለሙያዋ የእግሩን ጣት ይዛ ትጠይቀዋለች፣ እሱ ግን እግሩን አላንቀሳቀሰም። ገላና ተንበርክኮ ጭንቅላቱን እንዳይነቃነቅ በሁለት እጁ ይዞ ነበር። «ከሊል፣ እግርህን እስቲ። ወንድሜ፣ በአላህ፣ ቀልዱን ተው» ሲለው ሰምቻለሁ።

በዚህ መሃል ከየቡ ወገን «ሰበረው!» የሚል ድምፅ ተነሳ። ሌላው «ሆን ብሎ ነው! አትልቀቁት!» አለ። ሕዝቡን ከምንጣፉ የሚያግደው ገመድ ተበጠሰ። ከሜዳው ጀርባ ካለው የቡና ማድረቂያ አልጋ እንጨት የሚነቅሉ ወጣቶች አየሁ። የጅማ ልጆችም ከሚኒባሳቸው ወርደው ገላናን ሊከቡት ሮጡ፤ ሁለቱ ድንጋይ ይዘዋል። ገላና ግን ቀና ብሎ እንኳ አላየም። እጁን ከከሊል ጭንቅላት ላይ ቢያነሳ ራሱን ማዳን ይችል ነበር፤ አላነሳም።

ዳኛው አቶ ለይኩን ወደ መኪናው ሮጦ መጥቶ «እትዬ ዙቤይዳ፣ ዝም አትበይ! አንቺ ዝም ስትዪ ነው የሚያብዱት!» አለኝ። «ምን ልበል?» አልኩት። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ብቻ ተናገሪ!» ብሎኝ ወደ ገላና ተመለሰ። እሱም ከዚህ ሌላ ያለኝ ነገር የለም።

ያን ጊዜ ካፊያው ወደ ዝናብ ተለወጠ። ሰው ጃንጥላ ዘረጋ፤ የውድድሩ ኮሚቴ ሰዎችም በከሊል ላይ ላስቲክ ወጥረው ያዙ። ከሕዝቡ ወገን ያለ ሰው ከላስቲኩ በስተቀር ምንም ሊያይ እንደማይችል አየሁ። ይህን ካየሁ በኋላ እንዲህ አልኩ፦ «ከሊል ተነስቷል። ራሱን ትንሽ ስላዞረው ከዝናቡ ይጠለላል። አንድ ለአንድ ናቸው። የተሸነፈ የለም። የመጨረሻው ዙር ነገ ጠዋት እዚሁ ሜዳ ይሆናል።»

ይህን ያልኩት የተሸነፈ ከሌለ የሚበቀል አይኖርም ብዬ ነው። መጀመሪያ በኦሮምኛ ተናገርኩት። ሕዝቡ ማጨብጨብ ጀመረ። በአማርኛ ከመድገሜ በፊት ትንሽ ፋታ ነበረኝ፤ በዚያ ፋታ ቃሌን ማረም እችል ነበር። የጅማ ልጆች ድንጋዩን ሲጥሉ አየሁ። አላረምኩም። በአማርኛም ደገምኩት።

እንጨት የያዙት ወጣቶች ቆሙ። ከመካከላቸው አንዱ «ዙቤይዳ፣ ወላሂ በይ!» አለ። ሌሎችም ተቀብለው «ወላሂ በይ! ወላሂ በይ!» ማለት ጀመሩ። እኔ አላልኩም። ማይኩን በጣቴ መታ መታ አድርጌ የተበላሸ አስመሰልኩ። ከሕዝቡ መሃል አንድ ትልቅ ሰው ሲቆጣቸው ሰማሁ፤ ማን እንደሆነ በጃንጥላው ብዛት አላየሁም። ከተቆጣቸው በኋላ ዝም አሉ። ቀጣዮቹን ተጋጣሚዎች ጠራሁ።

አቶ ሀቢቡላህ በዚህ ሁሉ ጊዜ መግቢያው ላይ ሕዝብ ሲያስተናግድ ነበር። «ተነስቷል» የሚለውን እንደማንኛውም ሰው ከማጉያው ነው የሰማው። ትንሽ ቆይቶ መጥቶ «አልሃምዱሊላህ፣ ልቤ ወጥቶ ነበር» ሲለኝ እውነቱን ነገርኩት። ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከሊልን በሳንቃ ላይ አስተኝተው በፒካፕ በሜዳው ጀርባ አወጡት። ገላናም ጭንቅላቱን እንደያዘ በላስቲኩ ስር ሆኖ አብሮ ሄደ።

ሕዝቡ ሲበተን አቶ አባቦራ ከሩቅ ጃንጥላቸውን አነሱልኝ። እኔም እጄን አነሳሁላቸው። ወርጄ ልከተላቸው አስቤ ነበር፤ እንጨት የያዙት ልጆች ግን አጅበዋቸው ይሄዱ ስለነበር ፈራሁ። መንደራቸው ከየቡ ወጣ ያለ ነው፤ ስልክም አይዙም።

ማምሻውን ጅማ ተመልሼ ከሊል ወደተወሰደበት ሆስፒታል ሄድኩ። አቶ ለይኩን በር ላይ አገኘኝና «አንገቱን እያዩት ነው። እግሩ አሁንም አይንቀሳቀስም። አባቴን ጥሩልኝ ይላል» አለኝ። ገላና ከአልጋው አጠገብ አልሄድም ማለቱንም ነገረኝ። «ለአባቦራ ማን ይንገራቸው?» አለኝ። «ተነስቷል ያልኳቸው እኔ ነኝ» አልኩት።

ዛሬ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ የቡ መጣሁ። ሜዳው ላይ ጉም ነበር። ሰው የመጨረሻውን ዙር ሊያይ እየተሰበሰበ ነበር፤ ከትናንቱም ይበዛ ነበር። አቶ አባቦራ ከሁሉም ቀድመው ከመንደራቸው ሰዎች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ነበር።

«አዴ ዙቤይዳ፣ መጣሽ?» አሉኝ። «ልጄን ጅማ አሳደራችሁት አይደል? ቁምጣው ርሶበታል ብዬ ደረቅ ይዤለት መጣሁ።»

ለብቻችን ወደ አይሱዙው ጥግ እንሂድ አልኳቸው። ከመቀመጫቸው ተነስተው ተከተሉኝ። «አባቦራ፣ ከሊል በሕይወት አለ። ሆስፒታል ነው። አንገቱ ተጎድቷል፣ እግሩን አላንቀሳቀሰም። ትናንት አልተነሳም። ተነስቷል ያልኩት ውሸቴን ነው» አልኳቸው።

 «ወላሂ በይ ሲሉሽ ሰምቼ ነበር» አሉ። «ሴትየዋን አታስጨንቋት፣ ያየችውን ነው የምትናገረው ብዬ የተቆጣኋቸው እኔ ነኝ።»

 «አባቴን ጥሩልኝ ይላል፤ ጅማ የሚያደርስዎ መኪና ቆሞልዎታል፣ አሁኑኑ ይሂዱ» አልኳቸው። ጥቂት ተራምደው ቆሙ።

«አጠገቡ ማን አለ?»

«ገላና አለ። ትናንት ከወደቀበት ጀምሮ አልተለየውም።»

አቶ አባቦራ ወደ ሕዝቡ ዞረው አዩ። በመንደራቸው ሰዎች እጅ የትናንቱ እንጨት ነበር፤ ዛሬም ይዘውት መጥተዋል። «እነዚህን ተነስቷል ብዬ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ» አሉ። «እውነቱን ከሌላ ሰው ቢሰሙት ወደ ጅማ ነው የሚሄዱት። አንቺ ንገሪያቸው፤ በዚያው በትናንቱ ማይክ ንገሪያቸው። የገላናንም ጨምረሽ ንገሪያቸው። እስክትናገሪ መኪናው ውስጥ አልገባም።»

«እኔን ቢመቱኝስ?» አልኳቸው።

«እዚህ ቆሜያለሁ» አሉኝ።

አይሱዙው ላይ ወጥቼ ማይኩን አበራሁ። እንደ ልማዴ አስቀድሜ የወደቀውን ስም ጠራሁ። «ከሊል አባቦራ» አልኩ። ሕዝቡ እየሳቀ «ካኢ!» አለ። ከሊል የሚወጣ መስሏቸው ወደ መኪናው ጀርባ ያዩ ነበር።

«ከሊል ትናንት አልተነሳም» አልኩ። «ሆስፒታል ተኝቷል። ተነስቷል ያልኳችሁ ሐሰት ነው። ገላና የጣለው በደንቡ ነው፣ የማቆሚያው ፊሽካ ሳይነፋ ነው። እናንተ እንጨት ስትነቅሉ እሱ የከሊልን ጭንቅላት ይዞ ነበር። አሁንም አጠገቡ ያለው እሱ ነው። ማንም ያዘዘኝ የለም። ቃሉ የእኔ ነው።» ይህንኑ በአማርኛ ደገምኩት። አንድም አልቀነስኩም።

እንጨት የያዙት ወደ መኪናው መጡ። አቶ አባቦራ ከመኪናው ጎማ አጠገብ ፌስታላቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ልጆቹ እሳቸው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ትናንት የጮኸው ልጅ አሁንም ከፊት ነበር። «ሀቢቡላህ ነው ያዘዘሽ! አላዘዘኝም ካልሽ ወላሂ በይ!» አለኝ። ዛሬ ያስጨነቀኝን የተቆጣ ሰው አልነበረም። አቶ አባቦራም ቀና ብለው ወደ እኔ አዩ።

ማይኩን ወደ አፌ አስጠግቼ «ወላሂ» አልኩ።

አቶ አባቦራ መንገድ ልቀቁ አሉ፤ ለቀቁላቸው። መኪናው ውስጥ ገብተው ወደ ጅማ ሄዱ። ከሕዝቡ ገሚሱ ግን አላመነኝም፤ መግቢያው ላይ የቆመውን አቶ ሀቢቡላህን ከበቡት። ፖሊስ ከመሃላቸው አውጥቶ ወሰደው። እኔም ማይኩን አጥፍቼ፣ ከመኪናው ወርጄ፣ በእግሬ ተከትዬው ወደዚህ መጣሁ።

ከዚህ በኋላ በሜዳው የሆነውን አላየሁም፤ ከሊልም እንዴት እንደሆነ እስካሁን አልሰማሁም።

ይህን ቃል የሰጠሁት ማንም ሳያስገድደኝ ነው። ተጽፎ ካለቀ በኋላ ራሴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። «ከዝናቡ ጫጫታ የተነሳ ተሳስተው» ተብሎ የተጻፈውን አሰርዤአለሁ፤ አልተሳሳትኩም፣ እያወቅሁ ነው የተናገርኩት። የቀረው ያየሁት፣ የሰማሁትና ያልኩት ነው። በችሎት ፊትም ይህንኑ እናገራለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ዙቤይዳ አባመጫ (ፈርመዋል)
ቃሉን የጻፈችው፦ ሳጅን ጊፍቲ ገመቹ (ፈርማለች)
አንድ መስመር በምስክሯ ጥያቄ ተሰርዟል፤ ከስርዙ አጠገብ ሁለታችንም ፈርመናል።