ሦስቱም መነጽር ደበዘዘብኝ

በመሥሪያ ቤታችን የኢላማ ተኩስ ቡድን ውስጥ ለዓመታት ስተኩስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለውድድር ሦስት ዓይነት የጠመንጃ መነጽር መጣልንና “አንተ ነባር ነህ፤ የሚሻለውን ምረጥ” ተባልኩ። ከቡድን ጓደኛዬ ከጫልቱ ጋር ከመቱ ወጣ ብሎ ወዳለው የተኩስ ሜዳ ወረድን። የመጀመሪያውን ገጥሜ ሳይ ኢላማው ደበዘዘብኝ። ሁለተኛውም ያው ነው። የመቱ ዝናብ መቼም አያባራም፣ እርጥበት ገብቶበት ይሆናል ብዬ ወለወልኩት። ሦስተኛውም ጭጋግ የለበሰ ሆነብኝ። “እንዲህ ያለ ዕቃ እየላኩ ያደክሙናል” ብዬ አማረርኩ።

ጫልቱ ሦስቱንም ተራ በተራ አየችባቸው። “ጋሼ ታደሰ፣ ሁሉም ጥርት አድርገው ያሳያሉ” አለችኝ። ቀኝ ዓይኔን ትክ ብላ አይታ፣ “እስቲ በግራ ዓይንዎ ይዩት” አለች። በግራዬ ሳይ የኢላማው ክቦች አንድ በአንድ ተለይተው ታዩኝ። ለካ የደበዘዘው መነጽሩ ሳይሆን ቀኝ ዓይኔ ነው።

“የአባቴም የዓይን ሞራ እንዲሁ ነው የጀመረው። ሆስፒታል ይታዩ” አለች። ቀጥላም፣ “ውድድሩ እስኪያልፍ ለማንም አልናገርም” አለችኝ።

ልቤ እሺ ሊል ቃጥቶት ነበር። ግን ዓይኔ ደክሟል። “ሰው ባለበት ሜዳ በማላምነው ዓይን አልተኩስም” አልኳት። አንዱን መነጽር ጠመንጃው ላይ አጥብቄ፣ “ለአንቺ ዓይን እንምረጥ፤ ነይ ከጠመንጃው ኋላ በደረትሽ ተኝተሽ አልሚ” አልኳት።

“ቶሌ” አለች በኦሮምኛ፣ እሺ ለማለት፤ ሄዳም ጠመንጃውን ያዘች። ከኋላዋ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጥይቱ በጮኸ ቁጥር የት እንዳረፈ የምትነግረኝ እሷ ነበረች።