ከደራሲው ጋር የተሟገትኩ ዕለት
መምህሬ የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሥራዬን፣ ፔፐሬን፣ ስትመልስልኝ አናቱ ላይ «አንቺ የታለሽ?» ብላ ጽፋበታለች። አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ፣ እንደኔ ያሉ ትልልቅ ሰዎችን ለዩኒቨርሲቲ በሚያዘጋጅ ክፍል ነው የምማረው። ስለ ትዳር ጠብ በተጻፈ አንድ መጽሐፍ ላይ ሐሳባችሁን ጻፉ ተብለን፣ እኔ ደራሲውን ሳሞግስ አራት ገጽ ጨርሻለሁ። «ታዲያ ምን ላድርግ? እኔ ማን ነኝና ምሁሩን ተሳስተሃል እለዋለሁ?» ብዬ አብረውኝ ለሚማሩት ለታክሲ ነጂው ለጋሽ ታደሰ አማረርኩ። ጋሽ ታደሰ ሳቁብኝ። «ባለፈው ቻምበርስ ሮድ የሚኖሩትን ባልና ሚስት ልናስታርቅ ሄደን ባልየውን ምን አደረግሽው? እስኪጨርስ አዳመጥሽው። ከዚያ ‹ያልከው ይህን ነው አይደል?› ብለሽ የራሱን ቃል መለስሽለት። ‹አዎ› ሲልሽ ነው ጥፋቱን የነገርሽው። ይኼንንም ሰውዬ እንደዚያው ያዢው!»

በስመ አብ! ሮጬ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና እዚያው ፓርኪንጉ ላይ፣ ደብተሬን መሪው ላይ አስደግፌ እንደ አዲስ መጻፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ ደራሲው ያለውን በራሱ ቃል አንድ በአንድ መለስኩለት። ቀጥዬ «ግን ባሎቹን ብቻ ጠይቀህ ሚስቶቹ ላይ ፈርደሃል!» አልኩት፣ ፊት ለፊት። በሳምንቱ ፔፐሩ ሲመለስ አናቱ ላይ «በዚህ አልስማማም፤ ነይና እንከራከር» ይላል። ክፍሉ መሃል እልልታዬን አቀለጥኩት! መምህሬ ደንግጣ «አልስማማም እኮ ነው ያልኩሽ!» አለችኝ።

«አዎ! አገኘሽኝ ማለት ነዋ!»