ለዋጋ የተተወው ጥግ

ጥግ ማለት ሁለት ጠርዞች ተገናኝተው ሥዕል የሚያበቃበት ስፍራ ነው። ዛሬ የምንሸኛቸው አባታችን ግን የቀኙን ግርጌ ጥግ ዕድሜ ልካቸውን ሳይነኩት ኖረዋል፤ በሚሥሉት ማስታወቂያ የልብሱ ዋጋ የሚጻፈው እዚያ ላይ ነበርና።

አባታችን በር ቀለም ከሚቀቡ አባታቸውና ክርና አዝራር ከሚሸጡ እናታቸው ተወልደው አደጉ። የሥዕል ትምህርታቸውን በማዕረግ ሲፈጽሙ፣ የራሳቸውን ዐውደ ርእይ እስኪያዘጋጁ ብለው ለጥቂት ወራት በአንድ ልብስ መደብር የማስታወቂያ ሥዕል ለመሥራት ተቀጠሩ፤ በጡረታ የወጡትም ከዚያው ነው። አብረዋቸው የተማሩት ሰዓሊዎች "የቀሚስ ሰዓሊ" እያሉ ይተርቧቸው ነበር። የእነርሱን ሥራ ዘመድ አዝማድ ሲያየው፣ የአባታችንን ግን በየፌርማታው ስለሚለጠፍ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሁሉ ወደደም ጠላም ያየው ነበር፤ ቢሆንም ተረቡ ከልባቸው አልወጣም፤ ለራሳቸው አንድ ሥዕል እንኳ ሳይሥሉ መሞትን ይፈሩ እንደነበር ቤተ ሰብ ያውቃል።

በሥራ ዘመናቸው አንድ ጊዜ ብቻ ትእዛዝ ጥሰዋል። አመድማ ካፖርት እንዲሥሉ ታዘው ሳለ፣ በዝናብ ወራት አመድማ ነገር ማን ዞር ብሎ ያያል ብለው ብርቱካንማ አደረጉት። ማስታወቂያው ሲለጠፍ ሴቶች መደብሩን አጨናንቀው ያልተሰፋውን ብርቱካንማ ካፖርት አምጡ ቢሉ፣ ባለ መደብሩ አባታችንን ሊያባርሯቸው ተነሡ። ነገሩን ያበረዱት፣ እኔ እሰፋዋለሁ ያሉት የመደብሩ ልብስ ሰፊ፣ እናታችን ናቸው። ሥዕሉን ይዘው ወደ አባታችን ክፍል ወጡና ረጋ ብለው፣ "ለመሆኑ ይሄን ካፖርት ሰው የሚገባበት በየት በኩል ነው?" አሏቸው።

አባታችን አዝራር ረስተው ነበር። ያውም የአዝራር ሻጭ ልጅ ሆነው። ካፖርቱ ተሰፋ፣ ተሸጠ፤ በዓመቱ ሁለቱ ተጋቡ፤ ከዚያ ወዲህ እናታችን አዝራሩን ሳይቆጥሩት ከቤት የወጣ ሥዕል የለም።

ከጡረታ በኋላ የሳንባ ሕመም ሲጠናባቸው፣ አልጋቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ትልቅ ሸራ አስወጠሩ። እናታችን ጠቦኛል እያሉ ቢያጉረመርሙም ያኔ ለራሳቸው ያስቀሩትን ብርቱካንማ ካፖርት ለብሰው ቆሙላቸው፤ አባታችንም ሽበታቸውን ሳይሸሽጉ፣ እያረፉ ሣሏቸው። "ይህ እንኳ የራሴ ነው" ብለው ብሩሻቸውን አጠቡ፤ በሳምንቱም ዐረፉ።

አባታችን ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ወንድ ልጃቸውንና ግድግዳ ላይ መሣል ያስተማሯትን የልጅ ልጃቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ቀለም በማይደበዝዝበት ስፍራ ያሳርፍልን።

ሥዕሉ ሳሎን ተሰቅሏል። አዝራሮቹ ተቆጥረው ልክ ሆነው ተገኝተዋል፤ የቀኙ ግርጌ ጥግ ባዶ ነው።