ሠላሳ ስድስት በር የሚከፍተው ቁልፍ

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ቁልፍ ሠሪው በሃያ ዘጠኝ ቁጥር በር ሥር ተንበርክኮ፣ ካቻቢቴውን በጥርሱ ነክሶ፣ ቁልፉ የሚገባበትን ሲሊንደር ከበሩ ለማውጣት ሲታገል አንድ ጫማ ከጀርባው መጥቶ ቆመ። ዘወር ቢል የእህቱ ልጅ ናት። ሕግ ተምራ በፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል ትሠራለች። እናቷን ለመጠየቅ የምትመጣው እሑድ እሑድ ስለሆነ ዛሬ አልጠበቃትም ነበር።

"ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? የእማዬ በር ተበላሸ እንዴ?"

"ደህና ነኝ፣ የኔ ልጅ። አልተበላሸም፤ እየተሻሻለ ነው" አለና ካቻቢቴውን ከአፉ አወጣ። "ሠላሳ አምስቱን ጨርሻለሁ። የቀረኝ ይኼ ብቻ ነው። የባለሙያ ቤተሰብ ምንጊዜም ተራው መጨረሻ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕንፃው ሦስት ፎቅ ሲሆን በየፎቁ አሥራ ሁለት በር አለው። ከሁለት ወር በፊት የቁልፍ ሠሪው ታላቅ እህት በዚሁ ክፍሏ ውስጥ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ፤ አንድ ቀን ተኩል ወለል ላይ ተጋድማ የሚደርስላት ጠፋ። የነዋሪዎቹ ማኅበር በጣም ደነገጠና ሁሉንም በር የሚከፍት አንድ ቁልፍ ተሠርቶ በሰብሳቢው እጅ ይቀመጥ ብሎ ወሰነ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። የሁለተኛው ፎቅ ሥራ ቀድሞ ስላለቀ ቁልፉ ለሙከራ እጃቸው ከገባ ሳምንት ሆኖታል። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ የሁሉም በር ቁልፍ በስብሰባ ፊት ይረከባሉ። ቁልፍ ሠሪው ይህን ቀን እንደ ልጁ ሠርግ ሲጠብቀው ነው የከረመው፤ ስሙንም ራሱ አውጥቶለት "አለቃ ቁልፍ" ይለዋል።

ልጅቱ ግን ደስ አላላትም። ቦርሳዋን ደረጃው ላይ አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች።

"አይቆጡኝና ጋሼ፣ ይኼን በር ባይነኩት ደስ ይለኛል።"

ቁልፍ ሠሪው ፊቱ ተለዋወጠ። "አንቺ ነሽ እንዲህ የምትይው? እናትሽ እዚህ ስትወድቅ እኔ የት ነበርኩ? እዚህ ነበርኩ። ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። ዝም ሲለኝ አንቺ ጋ ሄዳለች ብዬ ተመለስኩ። የከተማውን ካዝና ስከፍት የኖርኩ ሰው፣ በአንድ ደቂቃ የሚከፈት በር ፊት ቆሜ ተመለስኩ። ለምን? 'ባለቤቱ በሌለበት በር አትክፈት' ብሎ ያስተማረኝ ሙያውን ያስለመደኝ ጌታዬ ነው፤ አርባ ዓመት እሱን አክብሬ ኖርኩ። ሕግ አክብሬ እህቴን ወለል ላይ አሳደርኳት። ከእንግዲህ ሕጉም ወሰኑም ይቅርብኝ።"

ይህ ለሁለት ወር ለማንም ያልነገረው ነገር ነበር። ልጅቱም እጇን ትከሻው ላይ አደረገች። በክርክር ላይ ከሁሉ የሚከብደው ሰው የሚናገረው ከሐዘኑ ሲሆን ነው፤ ሐዘንን በማስረጃ መርታት አይቻልም። ስለዚህ ከሙያው ጀመረች።

"እስቲ አንድ ነገር ያስረዱኝ። አንድ በር እንዴት ለሁለት ቁልፍ ይታዘዛል?"

ስለ ሥራው ሲጠየቅ ዝም የሚል ሰው አልነበረም። አንዱን ሲሊንደር መዳፉ ላይ ገለበጠው። "ውስጡ አምስት ፒን፣ ማለት ትንንሽ ዘንግ ብረት አለ። ቁልፉ እያንዳንዱን ልኩ ድረስ ሲያነሳው ይዞራል። ለሁለት ቁልፍ እንዲታዘዝ ስፈልግ ፒኖቹን ከመሐል እቆርጣቸዋለሁ። ከዚያ በዚህኛውም ቁመት ይለቃሉ፣ በዚያኛውም ይለቃሉ።"

"ስለዚህ የሚከፍቱት ሁለት ቁልፎች ብቻ ናቸው?"

ቁልፍ ሠሪው አገጩን አከከ። "እንግዲህ... አንዱን ጥርስ ከዚህ፣ ሌላውን ከዚያ ያዳቀለ ቁልፍ ቢገኝም ይከፍተዋል።"

"እንዲህ ያለው ስንት ይሆናል?"

በጣቱ ቆጠረ፤ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት። አምስተኛው ጣት ላይ ሲደርስ እጁን አወረደ። "ሠላሳ ሁለት።"

"ድሮ በአንድ ቁልፍ የሚከፈት በር አሁን በሠላሳ ሁለት ይከፈታል። ይህን ለጎረቤቶቹ ነግረዋቸዋል?"

"ማን ጠየቀኝ?" አለ ቀስ ብሎ። መልሱ ለራሱም አልጣመውም። "ቢሆንስ? ዳይሬክተሩ የሰው እርሳስ እንኳ የማይነኩ ሰው ናቸው።"

"እሳቸው ደግ ናቸው፣ ጋሼ። ደግነታቸውን ግን ለተኪያቸው አያወርሱትም፤ ቁልፉን ያወርሱታል። 'ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል' ሲባል አልሰሙም? እንዲህ እያለ የሚያድግ ሰው በሞላበት አገር፣ ቁልፉን ነገ ማን ይይዘው ይሆን ብሎ ማሰብ ክፋት አይደለም።" ዐይኗ በዚህ መሐል ከጎኑ ባለው የመሣሪያ ከረጢት ላይ አረፈ። "እነዚህ አዳዲስ መቀርቀሪያዎች የማን ናቸው?"

"የሁለተኛው ፎቅ ሰዎች ናቸው። ከውስጥ እንድገጥምላቸው አዘዙኝ። የልብስ ሰፊዋን ትናንት ገጠምኩላት።"

"ምነው? ሌባ ገባባት?"

"ኧረ ምንም አልገባባት። ሰኞ ቧንቧዋን ሳትዘጋ ወጥታ ውሃ ሲፈስ ዳይሬክተሩ ከፍተው ዘጉላት። እግረ መንገዳቸውን የካውያዋ ገመድ መላጡን አዩ። ማክሰኞ መቀየሯን ሊያረጋግጡ ገቡ። ረቡዕ ጨርቁን ምድጃ አጠገብ አትከምሪ ሊሏት ገቡ። መቼም ክፉ ነገር አልሠሩም።"

"መቀርቀሪያ ያዘዙት ስንት ናቸው?"

"አሥራ አንድ።"

"ፎቁ ስንት በር አለው?"

"አሥራ ሁለት።"

"አሥራ ሁለተኛው የማን ነው?"

ቁልፍ ሠሪው ሊስቅ ከጀለና ተወው። "የዳይሬክተሩ።"

"ከውስጥ የተቀረቀረ በር አለቃ ቁልፉ ይከፍተዋል?"

"አይከፍተውም።"

"እንግዲያው ልብስ ሰፊዋ ነገ ብትወድቅ?"

ቁልፍ ሠሪው ሳምንቱን ሙሉ በሮቹን ለአለቃ ቁልፉ ሲያስገዛ ከርሞ፣ ከትናንት ጀምሮ በዚያው እጁ መቀርቀሪያ ሊገጥምባቸው ተነሥቷል፤ ሁለቱን ሥራዎች አንድ ላይ አስቦአቸው አያውቅም። እንደ እህቱ በምትወድቅ ሌላ ሴት ላይ በሩን የሚዘጋው ሌላ ማንም አይደለም፣ እሱ ነው። 

"ታዲያ ምን ይሁን?" አለ። "ሥልጣን የሚባል ነገር አይኑር? ሁሉም በሩን ዘግቶ ይሙት?"

"የለም፣ ይኑር፤ ግን ወሰን ይኑረው። እኛ ጋ ፖሊስ የሰው ቤት ለመፈተሽ ሲፈልግ ዳኛ ፊት ይቀርባል። የማን ቤት፣ ምን ፍለጋ፣ መቼ እንደሆነ ይጻፍለታል። በዚያ ወረቀት ያንን ቤት ፈትሾ ምን እንዳገኘ ለዳኛው ይነግራል። መዝገቡን የማስቀምጠው እኔ ነኝ።"

"አንዴ አገልግሎ የሚቀልጥ ቁልፍ በይዋ።"

"ከኔ የተሻለ ገለጹት። መንግሥትም እንዲሁ ነው፣ ጋሼ። ባይኖር ጉልበተኛው በራችንን ገንጥሎ ይገባል። ወሰን ካጣ ደግሞ ራሱ መንግሥት ይገባል፤ ያውም ለእናንተው ደኅንነት ነው እያለ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሰው በቤቱ ነፃ ካልሆነ ደግሞ ክፉ ሰውም ይሁን ደግ ሰው ቢገባበት ለውጥ የለውም፤ መቀርቀሪያ ይፈልጋል። ያን ጊዜ እውነተኛ እርዳታ ሲመጣም በሩ አይከፈትም።"

"ጨረሳችሁ?" የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና እህትየው ወንበሯ ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። "ስለ ራሴ በር ማኅበሩ ወሰነ፣ ወንድሜ ፈታ፣ ልጄ ተከራከረች። እኔን የጠየቀኝ ሰው ግን የለም። ዳሌዬ ተሰበረ እንጂ አፌ ደህና ነው።"

ሁለቱም አፍረው ገቡ። ቁልፍ ሠሪው ባርኔጣውን አውልቆ እግሯ ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

"ያን ቀን ስታንኳኳ ሰምቼህ ነበር" አለችው። "ድምፅ አጥቼ ነው። 'ዛሬ እንኳ ሕጉን አፍርስልኝ' ብዬ ለመንኩ። በሩን ብትሰብረው ሺህ ጊዜ እመርቅህ ነበር።"

"እትዬ..." አለና አቀረቀረ።

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። በክፉ ቀን ይሰበርልኝ ማለት በየቀኑ ይከፈትብኝ ማለት አይደለም። እንደዚያ ወድቄ የናፈቅሁት ወንድሜን ነው፤ ሰብሳቢውን አይደለም። ቁልፌን ለማን እንደምሰጥ እኔ ልምረጥ።"

ቁልፍ ሠሪው ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚል ሰው አልነበረም። ሲሊንደሩን እንደነበረ መልሶ አጠበቀና ወደ ሱቁ ወረደ። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ሞረዱ ሥራ አልፈታም።

በስብሰባው ላይ ዳይሬክተሩ አለቃ ቁልፉን ሊረከቡ ቆመው ሳለ፣ ቁልፍ ሠሪው ከእሳቸው በር ነቅሎ ያመጣውን ሲሊንደር ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ ከወዳደቀ ነሐስ የሞረደውን፣ የዳይሬክተሩም ያልሆነ፣ አለቃም ያልሆነ ሦስተኛ ቁልፍ ከተተበት። ዞረ። አዳራሹ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሣ። እሱም ሠላሳ ሁለቱን ነገራቸው፤ "ይህን ሳልነግራችሁ በመሥራቴ ጥፋቱ የኔ ነው" አለ።

ዳይሬክተሩ ቅር አላቸው። "አላመናችሁኝም ማለት ነው?"

"እርስዎን እንደ ራሴ አምንዎታለሁ። ቁልፍ ግን ማን እንደያዘው አይለይም። ነገ ለማን እንደሚታዘዝ ስለማላውቅ ነው።"

ሽማግሌው ዐይናቸው ልብስ ሰፊዋ ላይ አረፈ። "አንቺ፣ በርሽ ላይ መቀርቀሪያ አስገጥመሻል የሚባለው እውነት ነው?"

"አዎ፣ ጋሼ" አለች መሬት መሬት እያየች።

"እኔን ፈርተሽ?"

መልስ አልሰጠችም።  ዳይሬክተሩ ሠላሳ ዓመት ልጆች ያስተማሩ ሰው ናቸውና ዝምታ ምን እንደሚል ያውቃሉ። የሙከራውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "ይኼንንም ሞርደው" አሉት ቁልፍ ሠሪውን። "እኔ ረዳኋት ብዬ ነበር የማስበው።"

ያን ዕለት አዲስ ደንብ ጻፉ። እያንዳንዱ ነዋሪ ትርፍ ቁልፉን ለፈለገው ሰው ይሰጣል፤ መስጠት ያልፈለገ አይገደድም። የሰጠ ሰው የአደራ ተቀባዩን ስም ብቻ ያስመዘግባል። የአንድ ሰው በር ተንኳኩቶ መልስ ሲጠፋ አደራ የተቀበለው ይጠራል፤ እሱም ከሌለ ሁለት ጎረቤቶች፣ አንዱ ከማኅበሩ አመራር ውጭ የሆነ፣ ባሉበት በሩ ይሰበራል። ምክንያቱ ተጽፎ ደረጃው ላይ ይለጠፋል፤ በሩንም ማኅበሩ ያሠራል። ይህን የመጨረሻውን ያስገቡት ዳይሬክተሩ ራሳቸው ናቸው፤ "የሰበረ ካልጠገነ ደግሞ ደጋግሞ መስበር ያምረዋል" ብለው።

ቁልፍ ሠሪው ሠላሳ አምስቱን ሲሊንደሮች መልሶ ለአንድ አንድ ቁልፍ አበጃቸው። ሥራው ሳያልቅ ልብስ ሰፊዋ ሱቁ መጣች፤ መቀርቀሪያው እንዲነሣላት ፈለገች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት። በወሩ መጨረሻ በሕንፃው የሚኖር የአንድ ሹፌር ሚስት ታማ ከአልጋ መነሣት ሲያቅታት፣ ቁልፏን አደራ የያዘችው ልብስ ሰፊዋ በአምስት ደቂቃ ገባችላት። በሩ ከውስጥ አልተቀረቀረም ነበር። ሥልጣን ሲወሰን ሰው ደኅንነቱን ያጣል ብለው ለሚፈሩ ሁሉ ይህች አምስት ደቂቃ ትበቃለች።

የእህቱ ትርፍ ቁልፍ አሁን በክር ታስሮ ከቁልፍ ሠሪው አንገት አይለይም። ጧት ጧት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ሃያ ዘጠኝ ቁጥር ይወጣና ሦስት ጊዜ ያንኳኳል።

"ቁልፉን አንጠልጥለህ ምን ታንኳኳለህ? ዝም ብለህ አትገባም?" ትለዋለች በምርኩዟ እያዘገመች።

"ድምፅሽን ካጣሁ እገባለሁ" ይላል ከውጭ ሆኖ። "እስከዚያው ቤቱ ያንቺ ነው፣ እትዬ።"